በሻንዱር በር የመጣው ሁለተኛው ጦር

በማርች 1895 የሌተና ኮሎኔል ጄምስ ኬሊ ሥራ መንገድ ማውጣት ነበር። ኢንደስ ወንዝ በዛሬዋ ሰሜን ፓኪስታን ገደል ለገደል እየተገማሸረ በሚወርድበት በቡንጂ አካባቢ፣ የሚያዛቸው የ32ኛው ፑንጃብ ፓዮኒር ሬጅመንት ወታደሮች ድንጋይ ይፈልጣሉ፣ አፈር ይዝቃሉ፣ የበቅሎ መሄጃ ያደላድላሉ። ፓዮኒሮች ጠመንጃና ዶማ አብረው የሚሸከሙ፣ ሲያስፈልግ የሚዋጉ፣ ሳያስፈልግ መንገድ የሚሠሩ እግረኞች ነበሩ። የኬሊ ሰዎች መዝሃቢ ሲኮች ናቸው፤ በሕንድ የመደብ ሥርዓት ከታች ከሚቆጠሩ ቤተሰቦች የወጡ፣ በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ግን በጽናታቸው ስም ያተረፉ። ለኢትዮጵያዊ ፈጽሞ ባዕድ አይደሉም፤ ከዚያው ወገን የተመለመለው 23ኛው ፑንጃብ ፓዮኒር በ1868 ከጄኔራል ናፒየር ጋር መቅደላ ድረስ መጥቶ፣ አሮጌ በተባለው ቦታ ከአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ጋር በሳንጃ ጨበጣ የገጠመው ሬጅመንት ነው።

በዚያው ወር ሦስተኛ ሳምንት ላይ ለኬሊ ቴሌግራም ደረሰው። በጊልጊት ግዛት ያለው ጦር ሁሉ በእሱ ሥር እንዲሆንና የሚበጀውን እንዲያደርግ የሚያዝ ነበር። ከጊልጊት በስተምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በቺትራል፣ የእንግሊዝ መንግሥት ወኪል ምሽግ ውስጥ ተከቦ ነበር።

(እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶችና ወሮች ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በእኛ መጋቢት 1887 ዓ.ም. ነው፤ የዓድዋ ድል አንድ ዓመት ያህል ሲቀረው ማለት ነው።)

ቺትራል በሂንዱ ኩሽ ተራሮች መካከል የተሸጎጠች ትንሽ መንግሥት ነበረች። ገዢዋ መህታር ይባላል። ከውጭ የሚመጣ ሰው በዋናነት የሚገባባት በሁለት አቅጣጫ ነው፤ ከደቡብ በሎዋሪ በር፣ ከምሥራቅ በሻንዱር በር። ሁለቱም ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ አላቸው፤ ክረምት ሲገባ በረዶ ይዘጋቸዋል። ይህችን ሩቅ አገር ለሕንድ ገዢዎች እንቅልፍ የምትነሣ ያደረጋት የሩስያ ሥጋት ነበር። የዛሩ ጦር በመካከለኛው እስያ ከተማ ከከተማ እየያዘ ሲመጣ፣ እንግሊዞች ካርታ ዘርግተው የተራራ በር መቁጠር ጀመሩ። የቺትራልን በር የያዘ የሕንድን ጓሮ ያያል የሚል ስሌት ነበራቸው።

ሽማግሌው መህታር አማን ኡል ሙልክ በ1892 ሲሞት፣ ልጆቹና ዘመዶቹ ዙፋኑን ለመያዝ ተፋጁ። መጀመሪያ አፍዛል የተባለው ልጅ ያዘ፤ ጥቂት ወር ሳይቆይ አጎቱ ሼር አፍዛል ከአፍጋኒስታን መጥቶ ገደለው። ሼር አፍዛልንም የአፍዛል ታላቅ ወንድም ኒዛም፣ በእንግሊዞች ድጋፍ ከጊልጊት ተነሥቶ አባረረው። በ1895 የመጀመሪያ ቀን ደግሞ ኒዛምን በአባት የሚገናኘው ወንድሙ አሚር ለአደን በወጡበት አስገደለው። ይህን ግርግር ያየው የጎረቤቱ የጃንዶል ገዢ ኡምራ ኻን፣ በክረምቱ እምብርት ሎዋሪን ተሻግሮ ገባ። ሼር አፍዛልም ተመልሶ ከእሱ ጋር አበረ።

በዚህ መካከል ነው የጊልጊት ወኪል ጆርጅ ሮበርትሰን ጥቂት ወታደር ይዞ ወደ ቺትራል የሄደው። ሮበርትሰን ሐኪም ነበር፤ የወታደር ሐኪም ሆኖ ጀምሮ ወደ ፖለቲካ የገባ ሰው። እዚያ እንደ ደረሰ አሚርን ከዙፋን አወረደና ገና ለአቅመ አዳም ያልደረሰውን ሹጃ ኡል ሙልክን አነገሠ። ነገሩን ያበረደ መስሎት ነበር፤ ማርች 3 ቀን ግን ሁኔታውን ለማየት ከምሽግ ያስወጣው ጦር ተመትቶ ተመለሰ፤ በሩ ተዘጋ፤ ከበባው ተጀመረ።

ከውስጥ የነበሩት 543 ሰዎች ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ 137ቱ የማይዋጉ አገልጋዮችና ሌሎች ሰዎች ነበሩ። ጦሩን የሚያዘው ካፒቴን ቻርልስ ታውንዘንድ ነው፤ ይህ ስም ኋላ ይመጣል። ምሽጉ ከድንጋይና ከእንጨት ተደራርቦ የተሠራ ነው፤ እንጨቱ ግድግዳውን ያጠነክረዋል፣ ግን ይነድዳል። ከዳር ያሉ ዛፎችና ቤቶች ተኳሽ ይሸሽጋሉ። ውኃ የሚቀዳው በተከለለ መንገድ ወንዝ ድረስ ተወርዶ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ሆኖ ሰው ሊቆጥር የሚችለው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የቀረውን ጥይትና የቀረውን ዱቄት።

ጊልጊትና ቺትራልን በሚያገናኘው መንገድ ላይም አደጋ ደርሶ ነበር። ካፒቴን ሮስ የሚመራው የ14ኛው ሲክ ክፍል ኮራግ በሚባል ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ገብቶ፣ ከላይ ድንጋይ እየተናደበት ከታች ጥይት እየተዘነበበት አለቀ። ሮስም እዚያው ቀረ፤ የተረፉት ጥቂቶች ናቸው። ጥይት ጭኖ ይጓዝ የነበረው ሌላው ቡድን ሬሹን መንደር ላይ ተከበበ፤ ዕርቅ ተባለ፤ ፖሎ ጨዋታ እንዲያዩ ተጋበዙ፤ ቡድኑን የሚመሩት ሁለት መኮንኖች እዚያው ጨዋታው ላይ ተያዙ።

የሕንድ መንግሥት የሰጠው ዋና መልስ ትልቅ ነበር። ሜጀር ጄኔራል ሰር ሮበርት ሎው 15 ሺህ ያህል ተዋጊ ይዞ ከፔሻዋር ሜዳ በደቡብ በኩል እንዲገባ ተወሰነ፤ የማላካንድን በር ሰብሮ፣ ስዋትንና ዲርን አቋርጦ፣ በሎዋሪ ወደ ቺትራል። ጭነቱን የሚሸከመው እንስሳ ብቻ ከ20 ሺህ በላይ ነበር፤ ግመል፣ በቅሎ፣ አህያ፣ በሬ። ጋዜጦች ዘጋቢ የላኩት ከዚህ ጦር ጋር ነው፤ የለንደኑ ታይምስ ወኪል ታዋቂው ተጓዥ ፍራንሲስ ያንግሃዝባንድ ነበር። ከኬሊ በሰሜን በኩል የሚጠበቀው፣ ጊልጊትን እንዲጠብቅና ከቻለም ከምሥራቅ ትንሽ ግፊት እንዲፈጥር ነው። በእቅዱ ውስጥ የእሱ ቦታ የግርጌ ማስታወሻ ያህል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እንዲህ ያሉ ሁለተኛ ጦሮች በቅኝ ግዛት ዘመን ጦርነቶች ውስጥ ብዙ ናቸው። ዋናው ጦር በሰፊው መንገድ ይሄዳል፤ ትንሹ በተራራ በር በኩል ይላካል፤ ጠላት ሁለት አቅጣጫ እንዲመለከት፣ የሚሸሽበት እንዲያጣ። ብዙዎቹ መንገድ ላይ ይቀራሉ፣ ወይም ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ይደርሳሉ። የኬሊ ጉዞ የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ማርች 23 ቀን ከጊልጊት ተነሣ። አብረውት የነበሩት በሁለት የተከፈሉ 400 ፓዮኒሮች፣ ከካሽሚር ማሐራጃ ጦር የመድፈኛ ክፍል የተወሰዱ ሁለት የተራራ መድፎች፣ 40 የካሽሚር መሐንዲስ ወታደሮች፣ እና ከሁንዛና ከናጋር የመጡ 100 የአገር ጭፍሮች ናቸው። ድንኳን አልያዙም። የመቶዎቹ ጭፍሮች ነገር ትኩረት ይሻል። ሁንዛና ናጋር ገና በዲሴምበር 1891 ከእንግሊዞች ጋር ኒልት ላይ ተዋግተው የተሸነፉ ናቸው፤ ሦስት ዓመት ከጥቂት ወር ብቻ አልፏል። አሁን ግን ከድል አድራጊው ጎን ተሰልፈው፣ የሁንዛዎቹ በገዛ ዋዚራቸው በሁማዩን እየተመሩ፣ ከድሮ ባላንጣቸው ከቺትራል ጋር ሊዋጉ ይሄዳሉ። እንግሊዞች ገንዘብና ጠመንጃ ሰጥተዋቸዋል፤ ግን ገንዘብ ብቻ ነው ማለት የተራራ ሰዎችን ቂምና ኩራት አለማወቅ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት መንገዱ ክፉ፣ ግን የሚሄዱበት ነበር። ጊዘር የሚባለው መንደር ሲደርሱ በረዶው ጀመረ። ከዚህ በኋላ ያለው ሻንዱር ነው፤ 3,700 ሜትር ያህል። ከጣርማ በር በጣም ከፍ ይላል፣ ከራስ ዳሽን ደግሞ ያንሳል። ሻንዱር ሹል ገደል አይደለም፤ አቀበቱ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው፤ ከላይ ኪሎ ሜትሮች የሚረዝም፣ ሁለት ሐይቅ ያለበት ሜዳ አለ። በበጋ ከብት የሚሰማራበት ነው። ያኔ ግን ኤፕሪል መባቻ ነበር፤ ያንን ሜዳ ሁሉ በረዶ ውጦታል፤ ሰው ከረገጠው ጠባብ መስመር አንድ እርምጃ ወጣ ካለ እስከ ወገቡ፣ አንዳንዴ እስከ ደረቱ ይሰምጣል።

ከጊዘር ሊነሡ ሲሉ ከየመንደሩ ተሰብስበው የመጡት ተሸካሚዎች ብዙዎቹ በሌሊት ጠፉ። እውነትም ምን ብለው ይሂዱ? ጦርነቱ የእነሱ አይደለም፤ በረዶውን ደግሞ ከማንም በላይ ያውቁታል። የተቻለውን ያህል ተፈልገው ተመለሱ፤ ኤፕሪል 1 ቀን ጉዞ ተጀመረ። ጥቂት እንደ ሄዱ መድፍ የጫኑት በቅሎዎች በረዶው ውስጥ እስከ ሆዳቸው ሰጠሙ። ይነሣሉ፣ ይወድቃሉ፣ ይንፈራገጣሉ፤ ጭነት ተራግፎ እንደገና ይጫናል፤ ወዲያው ሌላዋ ትወድቃለች። ከዚያ ወዲያ በቅሎ እንደማያልፍ ግልጽ ሆነ። ኬሊ ካፒቴን ቦራዴልን ከ200 ፓዮኒሮችና ከመሐንዲሶቹ ጋር ከጊዘር ወደፊት ባለችው ቴሩ በምትባል ትንሽ መንደር አስቀርቶ፣ የቀሩትን ይዞ ወደ ጊዘር ተመለሰ። በማግስቱ በረዶ ሲጥል ዋለ።

መድፎቹን እዚያው ትቶ መሄድ ይቻል ነበር፤ ብዙ አዛዥ ያንን ያደርግ ነበር። እንዳይተዋቸው ያደረጉት መንገድ ላይ የተቀላቀሉት የካሽሚር እግረኞች ናቸው። በትከሻቸው ሊሸከሙ በፈቃዳቸው ተነሡ። ነገሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። መድፉ ሰባት ፓውንድ፣ ማለትም ሦስት ኪሎ ከጥቂት የሚመዝን ጥይት የሚተኩስ፣ ተፈታቶ በበቅሎ እንዲጫን ተደርጎ የተሠራ ነው፤ በርሜሉ፣ እግሩ፣ መንኮራኩሮቹ፣ የጥይት ሣጥኖቹ ለየብቻ። በርሜሉ ብቻውን ቢያንስ የአንድ ጎልማሳ ሰው ክብደት አለው። በበረዶ ላይ የሚንሸራተት የእንጨት ተጎታች ሠርተው ሞከሩ፤ መንገዱ ከመጥበቡ የተነሣ አልሆነም። ስለዚህ ዕቃውን በወፍራም እንጨት ላይ አንጠልጥለው፣ ከፊትም ከኋላም በትከሻ ገብተው ተሸከሙት። ጥቂት እርምጃ ይሄዳሉ፣ ያስቀምጣሉ፣ ሌሎች ይተካሉ። ፊተኛው ከመስመሩ ስቶ ሲሰምጥ ኋለኛው አብሮት ይወድቃል፤ መድፉም በላያቸው። ሌተና ስቱዋርትና ሌተና ጎፍ የሚባሉ ወጣት መኮንኖች፣ የኬሊ ረዳት መኮንን ሌተና ቤይኖንም፣ ከወታደሩ ጋር ትከሻቸውን አስገብተው ነበር። ቤይኖን ኋላ ስለ ጉዞው መጽሐፍ ጽፏል።

የመጀመሪያው ሙሉ ቀን ያደረሳቸው ከበሩ ሥር እስካለው ላንጋር አቅራቢያ ብቻ ነው። መሸ፤ መድፎቹን በረዶው ላይ ትተው ወደ ማደሪያ ሄዱ። ላንጋር ላይ ማደሪያ ማለት አንዲት የእረኛ ጎጆ ነበረች፤ ለበሽተኞች ተለቀቀች፤ ሌላው ሰው እሳት ዙሪያ ተኮራምቶ አደረ። ኤፕሪል 4 ቀን ቦራዴል 200ውን ፓዮኒሮች ይዞ፣ መስመሩን እየረገጠ እያወጣ፣ ሲመሽ በማዶው ላስፑር መንደር ገባ። የላስፑር ሰዎች በቤታቸው ተቀምጠው ነበር፤ በሩ ተዘግቷል ብለው ጠባቂ እንኳ አላቆሙም። በማግስቱ መድፎቹ ተሻገሩ። ላስፑሮችም ወደውም ይሁን ተገደው ሸክም ለማውረድ ወጡ።

ዋጋው በዓይንና በእግር ተከፈለ። አዲስ የወረደ በረዶ ላይ የሚያርፍ የከፍታ ፀሐይ የዓይንን ብሌን ያቃጥላል፤ ሰውየው ማታ ዓይኑ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁረዋል፣ በማግስቱ ብርሃን ማየት አይችልም። ብዙ ፓዮኒሮች እንዲህ ታውረው በጓደኞቻቸው እየተመሩ ላስፑር ገቡ፤ የብዙዎቹም ጣቶች በብርድ ተመተው ነበር። ግን አንድም ሰው በረዶው ውስጥ ቀርቶ አልሞተም፤ ከሁሉ የሚያስደንቀውም ይኸው ነው።

ከዚህ ወዲያ ያለው ውጊያ፣ ከሻንዱር ጋር ሲነጻጸር፣ አጭር ነገር ነው። ኤፕሪል 9 ቀን ቾካልዋት በተባለ ቦታ፣ መንገዱ በወንዙ ዳር ከናዳ ሥር በሚያልፍበት፣ ጥቂት መቶ ቺትራሎች በድንጋይ ካብ ውስጥ ሆነው ጠበቁ። ኬሊ ከፊት አልገባም። ሁንዛዎቹን በጎን ወደ ተራራው አወጣቸው፤ መድፎቹ ካቡን በፊት ለፊት እየመቱ ሳለ፣ ሁንዛዎቹ ከላይ ድንጋይ ሊያንከባልሉ የተቀመጡትን አባረሩ። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። በዚያው ቀን ማታ ማስቱጅ በሚባለው ምሽግ ተከቦ የነበረውን ሌተና ሞበርሊን ነፃ አወጣ።

ከባዱ ኤፕሪል 13 ቀን በኒሳ ጎል ነበር። ሜዳውን ቢላ የቆረጠው የሚመስል ገደል ከተራራ እስከ ወንዝ ሰንጥቆታል፤ ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው፤ በማዶው ከንፈር ላይ 1,500 ያህል ሰዎች መሽገዋል። የኬሊ ሰው በዚህ ጊዜ ሁሉም ተጠቃሎ ሰባት መቶ አይሞላም። ስልቱ ያው ነበር፤ መድፎቹ ካቡን ይመታሉ፣ ሁንዛዎቹ ፍየል በሚወጣበት ተራራውን ይዞራሉ፣ መሐንዲሶቹ በመሰላልና በገመድ ገደሉን ወርደው ጥቂት ሰው ያሻግራሉ። ከጎንም ከፊትም ሲመጣባቸው ቺትራሎቹ ለቀው ሄዱ። ከኬሊ በኩል ሰባት ያህል ሰው ሞተ፣ ከአሥር በላይ ቆሰለ። እዚህ ላይ ሊታለፍ የማይገባው፣ እነዚያ ሁለት መድፎች ባይኖሩ ይህ ካብ በዚህ ዋጋ የማይለቀቅ መሆኑ ነው። በላንጋር በረዶ ላይ ትከሻቸው የተላጠው የካሽሚር ሰዎች ያሸነፉት ውጊያ ነበር፤ የተሸለመው ግን ሌላ ነው።

በምሽጉ ውስጥ ጊዜው እያለቀ ነበር። ኤፕሪል 7 ቀን ሌሊት ከበባ ያደረጉት ሰዎች አንዱን ግንብ በእሳት ለኩሰው፣ ተከባቢዎቹ አፈርና ውኃ እየደፉ በስንት መከራ አጠፉት። ከዚያ ደግሞ ከግንቡ አጠገብ ካለች የመዝናኛ ቤት ውስጥ በየሌሊቱ ከበሮና ዘፈን ይሰማ ጀመር። ዘፈኑ ከመሬት በታች የሚቆፈረውን የዶማ ድምፅ ለመሸፈን ነበር። ኤፕሪል 17 ቀን ሌተና ሃርሊ መቶ ሰው ይዞ ከምሽግ ወጥቶ ቤቲቱን በሳንጃ ያዛት፤ ዋሻው ግድግዳው ሥር ሊደርስ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ አፈነዱት። ከመቶው ሰው ሃያ ያህሉ ሞቱ ወይም ቆሰሉ።

ከዚያ በሁለተኛው ሌሊት ከበባ አድራጊዎቹ ጠፉ። ኤፕሪል 20 ቀን ኬሊ ድልድዮቹ በተሰበሩበት አገር ወንዝ በእግር እየተሻገረ ቺትራል ገባ። ከጊልጊት ከተነሣ ሃያ ዘጠነኛ ቀኑ ነበር። የሎው 15 ሺህ ሰው ገና ከሎዋሪ ማዶ ነው፤ ከእሱ ጦር የመጀመሪያዎቹ ቺትራል የገቡት በሜይ አጋማሽ ነበር።

ታዲያ ቺትራልን ያዳነው ማን ነው? በጊዜው ኬሊን ያወደሱ ብዙዎች ነበሩ፤ እውነትም ቀድሞ የደረሰው እሱ ነው። ግን ኡምራ ኻን ሰዎቹን ከቺትራል መጥራት የጀመረው ማላካንድ ኤፕሪል 3 ቀን ከተሰበረ በኋላ ነው። አገሩ በደቡብ እየተወረረበት ስለ ሌላ ሰው ዙፋን አይዋጋም። ሼር አፍዛል ብቻውን ሲቀር ደግሞ ከምሥራቅ የኒሳ ጎል ዜና መጣበት። ሎው ባይኖር ኬሊ ኒሳ ጎል ላይ 1,500 ሰው ሳይሆን እጥፉን ያገኝ ነበር። ኬሊ ባይኖር ደግሞ፣ ያ ዋሻ አንድ ሌሊት ቢቀድም ኖሮ፣ ሎው የሚደርሰው ፍርስራሽ ላይ ነበር። ስለ «ታላቁ ጉዞ» የተጻፉት መጻሕፍት ይህን የሚያነሡት ለይምሰል ያህል ነው። ከዚያም ባነሰ የሚያነሡት ደግሞ ከጊዘር ሌሊት የጠፉትንና ጠዋት ተይዘው የተመለሱትን ነው። የመኮንኖቹ ስም ሁሉ ተመዝግቧል፤ ዱቄቱን የተሸከመው ገበሬ ግን «ኩሊ» ከመባል በቀር ስም አልተሰጠውም።

ሽልማቱ ሲከፋፈል ሮበርትሰን የሰር ማዕረግ አገኘ። ታሪኩንም በ1898 አሳተመ፤ የመጽሐፉ ንዑስ ርእስ «የአንድ ትንሽ ከበባ ታሪክ» ይላል፤ ትሕትናም ምፀትም አለበት። በምሽጉ የነበረው የጦር ሐኪም ዊትቸርች ማርች 3 ቀን የቆሰለውን ካፒቴን ቤርድን በጥይት መካከል ተሸክሞ በማስገባቱ የቪክቶሪያ መስቀል ተሸለመ። ኬሊ የባዝ ኒሻንና የንግሥቲቱ የክብር አጃቢነት ተሰጠው። ለሥራው አነሰ ያሉ ነበሩ። ከእሱ ወጣት መኮንኖች አንዱ አሌክሳንደር ኮብ በ1902 በሶማሌ ምድር፣ ሰይድ መሐመድ አብዱላህ ሐሰንን በመውጋት ዘመቻ ውስጥ፣ ኤሬጎ ላይ የቪክቶሪያ መስቀል አግኝቷል።

ፖለቲካው ከውጊያው በላይ ረጅም ዕድሜ ነበረው። ልብ የሚባለው፣ ከበባው ሳምንት ባለፈው ጊዜ፣ ማርች 11 ቀን 1895፣ ብሪታንያና ሩስያ በፓሚር ተራሮች ላይ ድንበራቸውን ስለ መለየት መስማማታቸው ነው። ቺትራልን አስፈላጊ ያደረጋት ሥጋት በወረቀት ላይ እየተዘጋ ሳለ፣ ሻንዱር ላይ ሰው መድፍ ይሸከም ነበር። ሎው ሊነሣ ሲል ለደቡብ ጎሣዎች የወጣው አዋጅ፣ እንግሊዝ የሚሄደው ኡምራ ኻንን ለመቅጣት እንጂ አገራቸውን ለመያዝ አይደለም የሚል ነበር። የለንደኑ ሊበራል መንግሥት በጁን ከቺትራል ለመውጣት ወሰነ፤ ግን በዚያው ወር ወደቀ። ተተኪው የሎርድ ሳልዝበሪ መንግሥት ውሳኔውን ገልብጦ ጦሩም መንገዱም እንዲቆይ አደረገ። ቃል ታጠፈ የሚል ክርክር በፓርላማ ተነሣ።

እንዲቆይ የተደረገው መንገድ የኬሊ ሳይሆን የሎው ነው። የሻንዱሩ በዓመት ውስጥ ለብዙ ወራት ስለሚዘጋ ለጦር ሰፈር ስንቅ አይመችም። በማላካንድና በቻክዳራ ጦር ሰፈረ። ጁላይ 26 ቀን 1897 ሌሊት የስዋት ሰዎች ማላካንድ ላይ ወረዱ፤ አመፁ ተዛምቶ ድንበሩን ሁሉ አቃጠለ። ዊንስተን ቸርችል የሚባል የሃያ ሁለት ዓመት መኮንን የመጀመሪያ መጽሐፉን የጻፈው ስለዚህ ዘመቻ ነው።

ሹጃ ኡል ሙልክ፣ በመድፍ ጩኸት መካከል የነገሠው ልጅ፣ እስከ 1936 ገዛ። ሻንዱር ላይ ዛሬ በየበጋው የጊልጊትና የቺትራል ቡድኖች ፖሎ ይጫወታሉ።

ታውንዘንድ ከቺትራል በኋላ ስሙ ገነነ። ሃያ ዓመት ቆይቶ በዲሴምበር 1915 በሜሶፖታሚያ፣ ጤግሮስ ወንዝ ጥምዝ ላይ ባለችው ኩት፣ ጦሩን ይዞ ምሽግ ገባ፤ ቺትራልን ያወቀ ሰው ስለሆነ የሚረዳው ጦር እንደሚደርስ ተማመነ። የረዳት ጦሩ የመጀመሪያ አዛዥ ጄኔራል ፌንተን ኤልመር ነበር፤ በ1895 ከሎው ጋር ሆኖ በፓንጅኮራ ወንዝ ላይ ተንጠልጣይ ድልድይ የሠራው መሐንዲስ። ኩት ግን ተራራ የላትም። ወንዝ፣ ረግረግ፣ ለጥ ያለ ሜዳ፤ ጦር የሚመጣበት አቅጣጫ ወንዙን ተከትሎ ብቻ ነው፤ ቱርኮችም እዚያው ላይ ጉድጓድ ቆፍረው ጠበቁ። ከሌላ ወገን ሊመጣ የሚችል ሁለተኛ ጦር አልነበረም። ሊረዱ የመጡት ከተከበቡት ቁጥር የሚበልጥ ሰው ሞቶባቸውና ቆስሎባቸው ቆሙ፤ ታውንዘንድ ኤፕሪል 29 ቀን 1916፣ ከ147 ቀን ከበባ በኋላ፣ 13 ሺህ ያህል ሰው ይዞ እጁን ሰጠ።